ስልሳ ሦስት በመቶ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻምበል ሙሰበህ የሑመይድ ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ ሟቹን ከማየቱ በፊት የራሱን መኪና ኮፈን ከፍቶ ረገመ። ራዲያተሩ ያፈሳል። ከፖሊስ ጣቢያው እስከዚያ ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ቆሞ ውሃ ጨምሯል። የአረብ ኤምሬቶቿ የራስ አል ኸይማ ነሐሴ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ኮፈኑ እጅ ይልጣል።

ጋራዡ ግን እንደ ጓዳ ቀዝቃዛ ነበር። ሦስት የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ያብለጨልጫሉ። ባለቤታቸው ሑመይድ ከፊታቸው በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። የግድግዳው ቻርጀር ኬብል ከጎኑ ወለሉ ላይ እንደተጣለ ነው።

«ከእኔ ቢሮ ይሻላል» አለ ሙሰበህ ቅዝቃዜውን እየማገ።

«ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ሻምበል» አለች ሃምሳ አለቃ ዓፍራ።

«እኔስ እወዳለሁ?»

ዓፍራ ወደ መሣሪያ መስቀያው አለፈች። ሁለት ዓመት አብራው ስትሠራ የትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚፈልግ ለይታ አውቃለች።

የተመታበት ብረት የጎማ መፍቻ ነው። የተገኘው ግን መሬት ላይ አይደለም፤ መሣሪያ መስቀያው ላይ፣ በቦታው ተሰቅሎ ነው። ደም አለበት። የጣት አሻራም አለበት፤ አሻራው የሸርዛዳ ነው። ሸርዛዳ የሟቹ ሹፌር ነው፤ ከፓኪስታን የስዋት ተራሮች መጥቶ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ኖሯል። ሬሳውን አይቶ ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«ለምን ነካኸው?» አለው ሙሰበህ። ሸርዛዳ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ጢሙን እንባ አርሶታል።

«ወድቆ ነበር፣ ሳሂብ። ቦታው መለስኩት።»

«ሰውዬው ሞቶ፣ አንተ ዕቃ ታነሳለህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደቀ ዕቃ ሳነሳ ነው የኖርኩት። እጄ ነው ያነሳው።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ዳቦ ቤት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ‹እንግዳ አለብኝ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ትኩስ ዳቦና እንቁላል ይዘህ ና› ብሎ ላከኝ። ሰልፍ ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ስመለስ...» በእጁ ወደ ጋራዡ ጠቆመ።

«ማን ነው እንግዳው?»

«አልነገረኝም።»

እንግዳ የመጣበት ምልክት የለም። የግቢው ካሜራ ከተበላሸ ወር አልፎታል። የሟቹ ስልክና ኮምፒውተር ጠፍተዋል። ቤት ውስጥ የተነካ ሲኒ እንኳ የለም። የሙሰበህ አለቃ፣ ኮሎኔሉ፣ ስልክ ደውሎ ይህን ሲሰማ አላመነታም።

«አሻራ አለህ፣ ሹፌር አለህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ምክንያት» አለ ሙሰበህ።

«ምክንያቱን ዐቃቤ ሕግ ይፈልገው። አርባ ስምንት ሰዓት ነው ያለህ፤ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሰውዬውን በነፍስ ግድያ ታስረክባለህ።»

ሸርዛዳ ለሐሙስ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ነበር። ጨርሶ ወደ አገሩ ሊገባ። በአንቀልባ ሳለች የተዋት ልጁ ዛሬ የልጅ እናት ናት፤ የልጅ ልጁን ዓይኑ አላየም። ትኬቱን ኪሱ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ጋር ወረሱትና ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከቱት።

*

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ዓፍራ ከቻርጀሩ ፊት ቆማ። «ይሄ ዛሬ ጠዋት ሠርቷል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት። ኀምሳ ሁለት ደቂቃ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎዋት-ሰዓት ሰጥቷል።»

«ለማን?»

«እሱን አይናገርም። ቻርጀር ጉሮሮ እንጂ ዓይን የለውም።»

«ታዲያ ከነዚህ ለአንዱ ነዋ።»

«ሦስቱንም አየኋቸው። ሦስቱም ሰማንያ በመቶ ላይ ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የተሞሉት ሐሙስ ነው። ባትሪው እንዳያረጅ ከሰማንያ አያሳልፏቸውም።»

ሙሰበህ ግንባሩን አሸ። «ገዝተው ግማሽ ሆዱን የሚያስርቡት መኪና። ዓፍራ፣ እኔን እንደ ደንቆሮ ቁጠሪኝና በአጭሩ ንገሪኝ።»

«ዛሬ ጠዋት የሌላ ሰው መኪና እዚህ ጠጥቷል።»

*

ጎረቤቱ ሱሃይል ሙሰበህን የተቀበለው በሐዘን ሳይሆን በስሞታ ነበር። ባለፈው ክረምት ሑመይድ በውድድር ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎት በሰው ፊት ተሰዳድበዋል። ኮሎኔሉ ሁለተኛ ተጠርጣሪ ካስፈለገው ይሄ ነበር የሚሻለው።

«አንደኛውን ዙር እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» አለ ሱሃይል። «ከዜሮ እስከ መቶ በሁለት ነጥብ ስድስት ሰከንድ። ከዚያ ባትሪዬ ጋለ፤ መኪናው ራሱ ጉልበቱን ቀነሰብኝ። ማን ነው ያሸነፈኝ ታዲያ፣ ሑመይድ ነው ወይስ ሙቀቱ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ ነው ያልኩህ።»

«እሱን ልነግርህ ነው። የፈጣን ቻርጀር ጣቢያ ነበርኩ። ፈጣን አሉት። ስልሳ ስምንት ድርሃም ከፍዬ አንድ ሰዓት ከሩብ ቁጭ አልኩ። ለምን? በኃይል ነድቼ ስለገባሁ ባትሪው ግሏል፤ ሲግል ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚጠጣው። ቤት ብሞላው ኖሮ ግማሹን ዋጋ አይፈጅም ነበር።» ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ። «ሠራተኛውን ሰድቤዋለሁ። ጠይቀው፤ አይረሳኝም።»

ደረሰኙ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ እስከ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይላል። ሙሰበህ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰለት። አንድ ተጠርጣሪ አመለጠው፤ ያመለጠውም በዚህ የተረገመ ቻርጀር ምክንያት ነው።

«ሑመይድ ከሹፌሩ ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ትናንት ሲጮህበት ሰምቻለሁ። ‹ትተኸኝ ልትሄድ ነው? ማን ይጽፍልኛል?› እያለ። ግን እንደ ልጅ አልቅሶ ነው የጮኸው፤ ጠብ አልለውም።»

«እንግዳ ሲመጣበትስ የማንንም መኪና ይሞላ ነበር?»

ሱሃይል ደረሰኙን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «አቡ ሚዝና?» አለ፤ ሟቹን በልጁ ስም እየጠራ። «ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ነበር የሚሰካልህ። በገዛ እጁ፤ ለሠራተኛ አይተውም። ‹አያቴ የእንግዳ ግመል ሳያጠጣ እንግዳውን አላስገባም› ይላል። እምቢ ብትለው ይቀየማል። የሚያስፈልግህም ሆነ የማያስፈልግህ ጠጥተህ ነው የምትሄደው።»

ዓፍራ ሙሰበህን አየችው። ሙሰበህ ጣሪያውን አየ።

«ሌላስ የሚያናድድህ ነገር አለ?» አለ ሊወጣ ሲነሳ፣ ለማሾፍ።

«አለ እንጂ» አለ ሱሃይል፣ ቀልዱ ሳይገባው። ስልኩን አወጣ። «ይሄን እይ። የመኪና ወዳጆች ግሩፓችን ነው። ሃዚም ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ከጀበል ጀይስ አናት የላከው። ‹ከዱባይ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳልቆም› ይላል። መቶ በመቶ ሞልቶ ተነስቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ስልሳ ሦስት ተርፎታል። የእኔ አዲስ ነው፤ እንደ እንቁላል ተሸክሜው እንኳ ኀምሳ ስምንት ነው የሚተርፈኝ። የእሱ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚሸጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልበላሁም።»

«ጎረቤትህ ሞቶ ነው ወይስ በዚህ?»

ሱሃይል አፈረ። «በሁለቱም» አለ።

*

ሃዚም ዱባይ ውስጥ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪኖች ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ሲያገኙት ሐዘን ላይ እንደሆነ ሰው ነጩ ረጅም ቀሚሱ፣ ካንዱራው፣ እንኳ ሳይተኮስ ተቀበላቸው። ተምርና ውሃ አቀረበ።

«አቡ ሚዝና ወንድሜ ነበር» አለ። «የገበያው ሚዛን ነበር። እሱ የለካውን መኪና ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል።»

«ያንተንም ለክቶ ነበር?»

«ነጩን መኪናዬን? አልደረሰበትም።»

«ጠዋት ከቤት ስትወጣ ስንት ሰዓት ነበር?»

«አንድ ሰዓት ከአሥር። ከወንድሜ ጋር ቁርስ በልቼ ነው የወጣሁት፤ ጠይቁት። በቀጥታ ተራራው ላይ። የትም አልቆምኩም፤ ነጩ ማቆም አያስፈልገውም።» ከዚያ ሳያስበው ወደ ዓፍራ ዘወር አለ። «አየር ማቀዝቀዣው በርቶ ነው እንግዲህ። ሦስት መቶ አሥር ሺህ ድርሃም፤ አዲሱ ከስድስት መቶ በላይ ነው።»

ወንድሙ በቁርኣን ማለለት። የመንገዱ ካሜራ ምስል በደብዳቤ ተጠይቋል፤ የዕረፍት ቀን ስለሆነ መልሱ ሰኞ ከሰዓት ይመጣል ተባለ። ሸርዛዳ የሚተላለፈው ሰኞ ጠዋት ነው።

ሲመለሱ ራዲያተሩ አውራ ጎዳናው ላይ ፈላ። ሙሰበህ ጎማውን በእግሩ መታ።

«ሰውዬው ይዋሻል» አለ። «እንዴት እንደሚዋሽ አላውቅም እንጂ።»

«ፎቶውን ለምን ላከ?» አለች ዓፍራ ጀሪካኑን እያቀበለችው። «ተደብቆ መቀመጥ ይችል ነበር።»

«ነጋዴ ነዋ። አባቱ ቢሞት እንኳ ሸቀጡን ይዞ ነው ለቅሶ የሚደርሰው።» ውሃውን እየጨመረ ቆየ። «የሚነግድበትን መኪና ሑመይድ ለክቶት ቢሆንስ? የለካውን የት ነው የሚጽፈው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ጠፍቷል።»

ሙሰበህ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆመ። አንድ የሰማው ነገር ነበር፤ ከዚህ ሁሉ የቁጥር ጫጫታ ስር የተቀበረ። ማን ይጽፍልኛል።

*

እሑድ ጠዋት ሸርዛዳን ከእስር ክፍሉ አስመጡት። ሌሊቱን ሲጸልይ አድሯል።

«ለጌታህ ምንድን ነው የምትጽፍለት?»

«ቁጥር ነዋ፣ ሳሂብ። መኪና ሲሞክር አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንት ደቂቃ እንደተሞላ፣ ስንት እንደፈጀ፣ ስንት እንደተረፈ። በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል።»

«ደብተሩ የት አለ?»

«እናንተ ጋ ነው። ከትኬቴ ጋር ከኪሴ ወሰዳችሁት።»

ሙሰበህ ለትንሽ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። «ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ጣቢያ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከረጢቱን አመጡት። ደብተሩ የልጅ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ ድመት አለች። ቁጥሮቹ በኡርዱ አጣጣል ተጽፈዋል። ሸርዛዳ በጣቱ እየጠቆመ አነበበ። «ያለፈው ረቡዕ። የሃዚም ነጭ። መቶ ሞልቶ ከዱባይ፣ አየር በርቶ፣ ጀበል ጀይስ አናት። የተረፈው፣ ሠላሳ አምስት።»

«ሠላሳ አምስት? ስልሳ ሦስት አይደለም?»

«ሠላሳ አምስት። ሳሂብ ሑመይድ ተናዶ ነበር። ባትሪው ሲሦውን አልቋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የጤና ቁጥር ተነካክቷል አለ። ‹ይሄን ለሰው መሸጥ ነውር ነው፤ ባትሪ ማስቀየር የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ይፈጃል› አለ። ለሃዚም ደውሎ ‹እሑድ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ራስህ ብትናገር ይሻልሃል› ሲለው ሰምቻለሁ።»

«ይሄንንም ማንም አልጠየቀህም» አለ ሙሰበህ።

«ማንም።»

*

ኮሎኔሉ በደብተር አልተመለሰም። «የተከሳሽ የገዛ ጽሑፍ» አለ በስልክ። «ድመት ያለበት። ይሄን ይዘህ ዐቃቤ ሕግ ፊት ልትቆም ነው?»

ስለዚህ ሙሰበህ ዱባይ ተመልሶ ሄደ። ሃዚምን ከኩዌት ከመጣ አንድ ገዢ ጋር ነጩን ከበው ቆመው አገኛቸው። ስክሪኑ መቶ በመቶ ይላል።

«ተራራው ላይ ስልሳ ሦስት ይተርፋል ብሎሃል?» አለው ገዢውን።

«ፎቶውን አይቻለሁ» አለ ገዢው።

«እኔ ግን ሰው ነኝ፤ ካላየሁ አላምንም። ሃዚም፣ ወንድሜ፣ ይዘኸኝ ውጣ። ስልሳ ሦስት ከተረፈ ግንባርህን ስሜ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።»

ሃዚም ገዢውን አየ፤ መኪናውን አየ። እምቢ ቢል ሦስት መቶ አሥር ሺህ ድርሃም በእግሩ ይሄዳል።

«ደስ ይለኛል» አለ። ገዢው ውጤቱን ሊጠብቅ እዚያው ቀረ።

ሻርጃን እስኪያልፉ ጨዋታ ነበር። ሰማንያ ስምንት ሲል ሃዚም ሬዲዮውን ዘጋ። ሰማንያ አንድ ሲል ከፈጣኑ መስመር ወጣ። ሰባ አራት ላይ እጁን ዘርግቶ አየር ማቀዝቀዣውን አጠፋ።

«በረደህ?» አለ ሙሰበህ።

«ትንሽ ጉንፋን አለኝ።»

ውጭው አርባ አምስት ዲግሪ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሙሰበህ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። በሁለት ነጥብ ስምንት ሰከንድ መቶ የምትገባው መኪና በሰባ ትሄዳለች፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። ሙሰበህ ዕድሜውን ሙሉ በስፖርት መኪና አልተቀመጠም፤ የተቀመጠ ዕለት ደግሞ እንደ ዳቦ ተጋገረ።

«ቅዳሜም እንዲህ ነው የነዳኸው?»

«እንዲህ ነው።»

«አየር በርቶ ነው ያልከው።»

ሃዚም ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ስልሳ አምስት። ራስ አል ኸይማን አለፉ። የተራራው ጥምዝምዝ ላይ ቁጥሩ እንደ ላብ መንጠባጠብ ጀመረ። ኀምሳ አምስት። ኀምሳ። አርባ ስድስት። ሃዚም መንገዱን ትቶ ስክሪኑን ብቻ ያይ ነበር፤ ሙሰበህ ሁለት ጊዜ መሪውን ይዞ ከገደሉ መለሰው።

አናቱ ላይ ዓፍራ የጣቢያውን ሌላ መኪና አቁማ ትጠብቃለች። ነጩ ቆመ። አርባ አንድ።

ሙሰበህ በሩን ከፍቶ ነፋሱን አፉን ከፍቶ ዋጠው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጠብሰኸኝ፣ እንደ አህያ ነድተህ፣ አርባ አንድ» አለ። «ሑመይድ አየር አብርቶ ሲለካው ሠላሳ አምስት። ቅዳሜ ስልሳ ሦስት። ሃያ ስምንቱ ከየት መጣ? የትም አልቆምኩም ብለሃል። ጣቢያ አልሞላህም። ይቺ መኪና ሃያ ስምንት በመቶ ለመጠጣት ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ትፈልጋለች፣ ዓፍራ?»

«በደከመው ባትሪዋ ልክ አሥራ ዘጠኝ» አለች ዓፍራ በመስኮቱ በኩል።

ሃዚም መሪውን እንደያዘ ነው። ከታች ባሕሩ በጉም ውስጥ ይታያል።

«አትሰካው ብዬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አቡ ሚዝና፣ እቸኩላለሁ፣ ለመለመን ነው የመጣሁት አልኩት። ‹ልመናህን ትደርስበታለህ፤ መጀመሪያ ትጠጣ› አለኝ። ሰክቶ ቁጭ አለ። እየሞላልኝ ለመንኩት። እየሞላልኝ እምቢ አለኝ። ‹ሰው አላታልልም› አለ፤ ከዚያ ኬብሉን ሊነቅልልኝ ዞረ፤ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ፎቶውን ግን ለምን ላክህ?»

ሃዚም ስክሪኑን አየ። «ስልሳ ሦስት ይል ነበር» አለ፣ በቂ መልስ እንደሆነ ሁሉ። «እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

ሙሰበህ እጅ ሰንሰለቱን አወጣ። «ዱባይ ላይ ልይዝህ አልችልም ነበር» አለ። «ይሄ ተራራ ግን የእኛ ነው። ውረድ። ከመውረድህ በፊት ግን አየሩን አብራልኝ።»

*

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ የተረከበው ሃዚምን ነው። ኮሎኔሉ ለሙሰበህ ደውሎ መዝገቡ ላይ የደብተሩ ሽፋን ፎቶ እንዳይያያዝ አሳሰበው።

ሸርዛዳን ወደ ቤቱ ያደረሰው ሙሰበህ ራሱ ነው። ከረጢቱ የሸርዛዳ ጭን ላይ ነው፤ ትኬቱ፣ ደብተሩ፣ ቁልፎቹ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ። ሙሰበህ ሞተሩን አጥፍቶ በድካም መሪው ላይ ተደገፈ።

ሸርዛዳ ወርዶ ጋራዡን ከፈተ። ወለሉ ላይ የቀረውን ኬብል አነሳና አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ጠቅልሎ ሊሰቅለው ሲል ወደ በሩ ዞሮ የሙሰበህን መኪና አየ። የኬብሉን ራስ በእጁ እንደያዘ ተጠጋ። ቆመ። ግራ ገባው።

«የእኔ ቤንዚን ነው፣ ሸርዛዳ» አለ ሙሰበህ። «ተወው፤ ግባና ዕረፍ።»

«እንግዳ ነዎት» አለ ሸርዛዳ።

ኬብሉን ቦታው ሰቀለ። ከዚያ ጀሪካን ሞልቶ ይዞ መጣ፤ ኮፈኑን ከፈተና እንፋሎቱ እስኪበርድ በትዕግሥት ጠብቆ ውሃውን በቀስታ ያንቆረቁርለት ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲራገም የቆየው ሙሰበህ የሚረግመው ነገር ፈልጎ አጣና፣ እስኪሞላ ድረስ ተቀመጠ።